የገዛሁት መኪና ኪራይ

ሰኞ፣ መጋቢት 3

የጥርስ ሐኪሟን ክሊኒክ መጋረጃ ዛሬ ጨረስኩ። አንደኛው መስኮት ላይ ጨርቁ ወደ ግራ ያዘነብላል። ብረቱን ሦስቴ አውርጄ ሰቀልኩት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ግድግዳው ራሱ ጠማማ መሆኑ ገባኝ። ነገርኳት። "እኔ ጥርስ እንጂ ግድግዳ አላቀናም" ብላ ሳቀች። እሷም እንደኔው ዓይነት መኪና ነው የምትነዳው፤ የሷ ነጭ፣ የኔ አመድማ።

ከሰዓት እማዬን ፊዚዮቴራፒ ወሰድኳት። እንደ ልማዳችን... እሷ ጫማዋን እስክታጠልቅ እኔ ስልኬን ጫን። ታች የቆመችው መኪና ብቻዋን መቀዝቀዝ ትጀምራለች። በሊፍት ወርደን፣ ዊልቸሩን አስጠግቼ በሩን ስከፍተው ቀዝቃዛው አየር ፊታችን ላይ ነፈሰ። "እሰይ ዝምተኛዋ!" አለች እማዬ። መኪናዋን እንዲህ ነው የምትጠራት። ሞተሯ ስለማይሰማ። "ከዚህ ቤት የማትጨቀጭቀኝ እሷ ብቻ ናት" ትላለች።

ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁት ነዳጅ ሸሽቼ ይመስለዋል። ለእማዬ ነው። ነርቭ በሽታዋ ከሙቀት ጋር አይስማማም። ስትግል መጀመሪያ እግሯ ይከዳታል፣ ቀጥሎ እጇ፣ ከዚያ ምላሷ ይተሳሰራል። ሐኪሙ "የጋለ መኪና ውስጥ እንዳታስገቢያት" ብሎኛል። ሻጩ ደግሞ "እቤትሽ ሆነሽ በስልክሽ ታቀዘቅዢያታለሽ" ሲለኝ እዚያው ተሸነፍኩ። አሮጌዋን መኪናዬን ሸጥኩ፤ ትልቋን የስፌት ማሽን ጨመርኩባት። አልቆጨኝም።

ስንመለስ ጋሽ ቅሬታ በር ላይ ጠበቁኝ። ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ሕንፃው ውስጥ ያላማረሩበት ነገር የለም። ሊፍቱ ያቃስታል፤ የሁለተኛ ፎቅ ልጆች ይራገጣሉ፤ የጎረቤት ሽንኩርት ይሸታል። ዛሬ ተራው የኔ የቻርጅ ገመድ ሆነ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ እባብሽ አንድ ቀን ይጥለኛል።"

"እሺ ጋሼ።"

"እሺ ጋሼ አትበይኝ፤ አንሺው!"

አነሳሁት። መኪናው ስክሪን ላይ የሆነ ጽሑፍ ነበር፤ ነፃ አገልግሎት ምናምን... ማስታወቂያ መስሎኝ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ስልኬን ተጫንኩ። ምንም። ደግሜ ተጫንኩ። "የነፃ አገልግሎት ዘመንዎ አብቅቷል። ለመቀጠል ይመዝገቡ።"

እማዬ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቃለች። "ምነው ቆምሽ?" ትለኛለች።

ወርጄ ሞተሩን አስነሳሁ። እስኪቀዘቅዝ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተነሥቼ እሷን ላመጣ ስሄድ ጠፋ። ለካ ወንበሩ ላይ ሰው ከሌለ ይጠፋል። ቁልፉን ውስጥ ትቶ መውጣት ደግሞ መኪናዋን ለሌባ መመረቅ ነው። እንደጋለች ወሰድኳት። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፤ በውሃ የራሰ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጌ። ደህና ደረስን። ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እማዬ ዝም ካለች ነገር አለ።

ክሊኒኩ በር ላይ ሆኜ ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ድምፅዋ እንደ ማር የሚጣፍጥ ልጅ አነሳች።

"እመቤት፣ የሁለት ዓመት ነፃ ጊዜዎን ጨርሰዋል።"

"ነፃ ነው ብሎ ማን ነገረኝ? መኪናው ይሄን ይሠራል ብላችሁ ነው የሸጣችሁልኝ!"

"መኪናው አሁንም መሥራት ይችላል እመቤት። አገልግሎቱ ነው የተቋረጠው።"

መሥራት ይችላል። ግን አይሠራም። ይሄ ምን ማለት ነው? ማቀዝቀዣው እዚያው ነው። ስልኬ እዚሁ ነው። መሃል ላይ ማን ነው እጁን ዘርግቶ የቆመው?

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ቆሽቴ አርሯል። የሆቴሉን መጋረጃ አጣምሜ ቆረጥኩት። ያን የመሰለ ጨርቅ!

ሰኞ፣ መጋቢት 10

ከፈልኩ። አዎ፣ ከፈልኩ። ምን ላድርግ፤ እማዬ ሰኞና ሐሙስ መሄድ አለባት። ጥርሴን ነክሼ ስልኬ ላይ ተመዘገብኩ። "እንኳን ደስ አለዎት" ይለኛል ደግሞ። ምን ወለድኩ?

ከዚያ ማቀዝቀዣውን ተጫንኩ። እምቢ። ካርታው ብቻ ነው የተከፈተው።

ያቺኑ ባለማር ልጅ አገኘኋት።

"እመቤት፣ እርስዎ የከፈሉት ለመሠረታዊው ጥቅል ነው። ከርቀት ማቀዝቀዝ የምቾት ጥቅል ውስጥ ነው ያለው።"

"ለናንተ ምቾት ነው። ለእናቴ መድኃኒት ነው!"

"ይገባኛል እመቤት። ላሻሽልልዎት?"

"የከፈልኩትን መልሱልኝ።"

"የተከፈለ አይመለስም እመቤት።"

እመቤት፣ እመቤት... የምን እመቤት? እመቤት ብሆን የገዛ መኪናዬን በር ላይ ቆሜ እለምን ነበር?

ለእማዬ ነገርኳት። ፎጣዋን አንገቷ ላይ እያስተካከለች አሰበችና "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች። ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩ።

ሁለተኛ አልከፍልም። የምቾቱን ብከፍል ነገ ደግሞ መሪው የራሱ ጥቅል አለው ይሉኛል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ልጻፈው።

ለመኪናው መስኮቶች ወፍራም መጋረጃ ሰፍቼላቸው ነበር። ፀሐይ የማያሳልፈውን፣ ለሆቴል መኝታ ክፍል የምሰፋውን ጨርቅ። በልኩ ቆርጬ፣ ጠርዙን ዘምዝሜ፣ ማጣበቂያ አድርጌለት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ጧት ለጠፍኩት፤ ከሰዓት ስከፍተው ከውስጥ እንደ ምድጃ ነደደብኝ።

ማቀዝቀዣውን ብከፍተውም የጋለውን ወንበርና ጣሪያ ቶሎ ማሸነፍ አልቻለም፤ መንገዱም ተዘጋግቶ ነበር። እማዬ መጀመሪያ ትቀልድ ነበር። "ልጄ፣ ምን በደልኩሽና ነው የምትቀቅዪኝ?" ከዚያ ቀልዱ ቀረ። ከዚያ ቃላቱ ተጎተቱ። ክሊኒኩ ጋ ስንደርስ ላነሳት ብብቷ ሥር ገባሁ፤ እግሯ የለም። እንደ ጨርቅ ታጠፈች። በመኪናውና በዊልቸሩ መሃል አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ያያል። እኔ አላነሳኋትም፤ አቅም አጣሁ። ሁለት ነርሶች ሮጠው መጡ።

ጥርት ባለ ድምፅ ለማውራት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ዓይኖቿ ግን ይናገሩ ነበር። ውድቀቱ አይደለም የጎዳት። ቀሚሷ ተገልጦ ነበር። እማዬ... ዕድሜዋን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማ ያስተማረች ሴት።

ቀዝቃዛ ክፍል አስገቧት። ቆይታ ምላሷ ተፈታ። የመጀመሪያ ቃሏ "ማንም የማውቀው ሰው አላየኝም አይደል?" የሚል ነበር።

ነገ እሄድላቸዋለሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ሄድኩ። መሸጫቸው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ያ ሻጭ ሩቅ ሳለሁ ጥርሱን አሳየኝ፤ ፊቴን ሲያይ ከደነው።

"የሸጥክልኝ ቀን ያልከኝን አሁን ድገመው" አልኩት።

"እህቴ፣ እኔ ያን ጊዜ የነገሩኝን ነው የነገርኩሽ።"

"ለሁለት ዓመት ብቻ ነው አልከኝ?"

አንገቱን ደፋ። ሥራ አስኪያጁ የሉም አለኝ። መቼ ይመጣሉ? አይታወቅም። ፎቅ ላይ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ እኮ።

እየጮህኩ ሳለ ከኋላዬ ሌላ የሚጮህ ሰው ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ባለታክሲ፤ ወጣት፣ ሸሚዙ ላብ በላብ። የሱ መኪና ካርታና የቻርጅ ቦታ ማሳያው ነው የተዘጋበት። ተሳፋሪ ጭኖ ባትሪው መንገድ ላይ አልቆበት ተገፍቶ ነው የመጣው። "ሰውየው ሠርግ ላይ ነበር የሚደርሰው! ሚዜ ነው! ከረባቱን አስሮ መኪና ገፋ!" እያለ ይጮኻል። መሃል ላይ ሁለታችንም ሳቅን። የንዴት ሳቅ።

ስልክ ተለዋወጥን። ሌሎችም እንደሚኖሩ ነግሮኛል። ግሩፕ እከፍታለሁ አለ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

ስልኬ አላስቀምጥ አለኝ። ግሩፑ ሞልቷል። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር... የአንዱ የመኪና በር በስልክ ነበር የሚከፈተው፤ ተዘግቶበት ቀረ። የጥርስ ሐኪሟም ገብታለች። "እኔ እኮ ሳላየው ከባንኬ እየቆረጡ ነበር" ብላ ጻፈች።

ማክሰኞ መሸጫው በር ላይ መኪናችንን እናቆማለን ተባባልን። ሐሳቡ የኔ ነው።

ጋሽ ቅሬታ ገመዱን ስጠቀልል መጡ። ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"እናትሽን አስፋልት ላይ ጣሏት አሉ?"

ማን ነገራቸው? ነገሩን ሁሉ ዘከዘክኩላቸው። እሳቸው ዓይናቸው እየጠበበ ሰሙኝ።

"መቼ ነው የምትሄዱት?"

"ማክሰኞ። ግን ጋሼ፣ እርስዎ መኪና የለዎትም..."

"አልጠየቅኩሽም። መቼ ነው ነው ያልኩት።"

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25

ድምፄ ተዘግቷል። ከጩኸት ብዛት።

እኔ ፊት ሆኜ የመግቢያውን በር ዘጋሁ። ባለታክሲው ከጎኔ፣ የጥርስ ሐኪሟ ከኋላዬ። ከዚያ ሌላ፣ ሌላ... መንገዱ ዳር ዳሩን ሞላ። ድምፅ የላቸውም፤ ተንሸራተው ይመጣሉ፤ ያስፈራሉ። ዘበኛው መጣ።

"እቴ፣ በር ዘግተሻል።"

"መኪናዬ አገልግሎቷ ተቋርጦ ነው" አልኩት። ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ።

ፀሐዩ ከፍ ሲል ሥራ አስኪያጁ ወረደ። ያ "የሉም" የተባለው ሰው! ለስላሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። "የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ መኪናው የእናንተ ነው። ማንም አልነካባችሁም። አገልግሎቱ ግን የኛ ነው" አለ።

ጋሽ ቅሬታ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ከመሃል ወጡ።

"ልጄ፣ ቤት ሸጠህልኝ የበሩን እጀታ በየወሩ ልታከራየኝ ነው?"

"አባቴ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም..."

"መስኮቱንም ዘግተህ አየር ልትሸጥልኝ ነው?"

"ይቅርታ፣ እርስዎ ከኛ መኪና ገዝተዋል?"

"አልገዛሁም።"

"ታዲያ ምን አለዎት?"

"ቅሬታ!"

ሰው ሁሉ በጩኸትና በሳቅ ፈነዳ። ሥራ አስኪያጁ ጆሮው ቀላ። እኔ ስለ እማዬ ተናገርኩ። ተዘጋጅቼ አልነበረም። ስለ ቀሚሷ ስናገር ድምፄ ተሰበረና ተውኩት። ሰው እያየኝ ማልቀስ አልፈለግኩም። "እናየዋለን" ብሎ ገባ።

ስንመለስ ጋሽ ቅሬታ እስከ ቤት የመኪናዬን ወንበር፣ የመንገዱን ጉድጓድና የኔን አነዳድ ተራ በተራ ነቀፉ። ደስ ብሏቸዋል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 26

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለ። "ቢሮ ብቅ ይበሉ፤ ለብቻዎ።"

ቢሮው እንደ በረዶ ቤት ነው። ከሁሉ በፊት ያየሁት መጋረጃውን ነው። አጭር ነው፤ ወለሉን ሳይነካ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ ዓመት ያደገ ተማሪ ሱሪ መስሏል። ይሄን ሳይ ትንሽ ቀለለኝ።

"የእናትዎ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል" አለ። "እኛም እናት አለን። ለእርስዎ ሁሉንም እንከፍትልዎታለን። ዕድሜ ልክ። ያለ ምንም ክፍያ።"

"ለሌሎቹስ?"

"የእርስዎ ጉዳይ ልዩ ነው። ብቻ... በመሃላችን ይቅር። ያንን ስብስብም ትንሽ ቢያበርዱት።"

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ላስብበት" ነው።

ለምን? አስፋልቱ ላይ የተቀመጠችው እማዬ ዓይኔ ላይ ስለመጣች። ለዚህ ነው። ማንም ይፍረድብኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 27

ጧት ስልኬ ጮኸ። "እንኳን በደህና ተመለሱ።"

እኔ እኮ አልመለስኩም! አዎም እሺም አላልኩም!

ከሰዓት ግን ተጫንኩት። እዚህ ለራሴ አልዋሽም። ወርደን በሩን ስከፍት ያ ቀዝቃዛ አየር... እማዬ ዓይኗን ጨፍና ሳበችው። መንገድ ላይ በትክክል ታወራ ነበር፤ ነርሷን ትተርብ ነበር። ክሊኒኩ ስንደርስ ከመኪናው ስትወርድ በራሷ እግር ቆመች።

ስንመለስ ጠየቀችኝ።

"ከፈልሽ?"

"አልከፈልኩም።"

"ታዲያ?"

ነገርኳት።

"አንቺ ምን አልሽ?"

"ላስብበት አልኳቸው።"

"እነሱ አስበውልሻላ" አለች። ከዚያ እስከ ቤት በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 29

ከሰፈራችን ጎማ ቤት ጎን ያለው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ለሚቀጥለው ሳምንት ምን እናድርግ ለመባባል። ነገሩን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። እውነቴን ነው። መጀመሪያ ሰው ይሰብሰብ፣ ከዚያ እናገራለሁ እያልኩ...

ባለታክሲው ጥላ ፈልጎ መኪናዬ ውስጥ ገባ። ስክሪኑ ቦግ ብሎ ነበር። ሁሉ ነገር አረንጓዴ።

"ያንቺ ይሠራል!"

ሁሉም ዞረ። አንገቱን እያስገባ ያላየ ሰው የለም። "እኔ አላስከፈትኩም፣ ራሳቸው ናቸው" አልኩ። ሲናገሩት እንዴት እንደሚያስቅ! እኔም ብሆን አላምንም።

"ለካ እኛን የምታስጮኸን ዋጋዋን ልታስጨምር ነው" አለ አንዱ።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ፤ ይቺ ሳትበላ ጮኻ፣ ስትበላ ዝም" አለች ሌላዋ።

የጥርስ ሐኪሟ ጫማዋን ታያለች። ባለታክሲው "በናትሽ እንዲህ አይደለም በይኝ" አለኝ፤ መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ጋሽ ቅሬታም ነበሩ። እሳቸውን አየኋቸው፤ ይሳደቡልኝ፣ ይሳደቡብኝ፣ የፈለገው ይሁን ብዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ቅሬታ አልነበራቸውም። ባርኔጣቸውን አድርገው በእግራቸው ሄዱ።

ይሄ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ቢሮው ተቀምጦ አንድ ነገር ስለተጫነ ነው። ያለ ፈቃዴ አጉርሰውኝ በላች አስባሉኝ!

እሑድ፣ መጋቢት 30

እማዬ ቁርሷን ገፋችው።

"በኔ እግር እንዳታመካኚ" አለችኝ።

"አላመካኘሁም።"

"አመካኝተሻል። 'ላስብበት' ያልሽው በኔ እግር ነው። እግሬን አሳይተው ምላስሽን ሊገዙ!"

"አስፋልት ላይ ስትወድቂ እኔ ነኝ ያየሁሽ እማዬ! አንቺማ ራስሽን አላየሽም!"

ጮህኩባት። ጮኸችብኝ። ጎረቤት ሰምቷል። ከዚያ ሁለታችንም ደከመን።

"ሙቀቱን ትችይዋለሽ?" አልኳት።

"አልችለውም። ማን እችለዋለሁ አለሽ? ሌላ መላ ፈልጊ። መላ እስክታገኚ ቤቴ እቀመጣለሁ። በነሱ ንፋስ ግን አልሄድም።"

ሰኞ፣ ሚያዝያ 1

ደወልኩ። ዝጉልኝ አልኩ።

"እመቤት፣ ይሄ ከኩባንያው የተሰጠዎ ስጦታ ነው።"

"አልፈልገውም።"

"ስጦታ የሚሰረዝበት መንገድ ሲስተሙ ላይ የለም እመቤት።"

"ስትፈልጉ ዘግታችሁታል እኮ!"

"እሱ ስጦታ አልነበረም እመቤት።"

ስልኩን ግድግዳው ላይ ልወረውረው እጄን አነሳሁ። ከዚያ አዲሱ የስፌት ጨርቅ ክምር ላይ ወረወርኩት። ስልኩም የኔ ነው፤ ሌላ መግዛት አልችልም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 2

ግሩፑ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ። "ዛሬ ጎማ ቤቱ ጎን ካለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ነኝ። ማየት የሚፈልግ ይምጣ።" ማንም አልመለሰልኝም።

ሠራተኛው ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ ነቅሎ በጀርባው ተኝቶ ገባ። መኪናዋ ከኩባንያው ጋር የምታወራበት ሳጥን እዚያ ነው ያለው። የሳሙና ያህል ነች።

"ይሄ ከወጣ ዋስትናሽ ይሄዳል" አለኝ። "ካርታ የለም። ስልክ የለም። እነሱ ከፍተውልሽም ቢሆን አይሰማም።"

"መኪናው ይነዳል?"

"መንዳቱንማ ይነዳል።"

"አውጣው።"

ሲያወጣው ቀና ብዬ ሳይ የጥርስ ሐኪሟ ነጭ መኪና ቆሟል። ከኋላዋ ባለታክሲው። ወርዶ መጣ፤ እጁን ኪሱ ከቶ። ሳጥኗን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አሁንም ትሞቅ ነበር።

ስክሪኑ ላይ "ግንኙነት የለም" ይላል።

ባለታክሲው ሳጥኗን መልሶ ሰጠኝና ወደ መኪናው ሄደ። የጥርስ ሐኪሟ ግን አቀፈችኝ። እንባዬ መጣ፤ የንዴት ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

ጀግንነቱ እዚህ አበቃ። እማዬስ? በምን ትሂድ?

ወርጄ መኪናውን አስነሣሁ፤ ተቀመጥኩ፤ ሲቀዘቅዝ አጥፍቼ ሮጬ ወጣሁ። እማዬን እስካዘጋጅ፣ ሊፍቱ እስኪመጣ... ተመልሶ ጋለ። እንደገና ሮጥኩ። ጋሽ ቅሬታ በራቸውን ብርግድ አደረጉት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አላናገሩኝም ነበር።

"ምን ያራውጥሻል? ደረጃውን ልታፈርሺው ነው?"

ቁና ቁና እየተነፈስኩ ነገርኳቸው። ሳጥኗን እንዳስወጣሁ፣ መኪናዋ ሰው ካልተቀመጠባት እንደማትቀዘቅዝ...

እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን።"

"ጋሼ፣ መንዳት ይችላሉ?"

"ልቀመጥ ነው ያልኩሽ፣ ልንዳ አልኩሽ?"

እማዬን ይዤ ስወርድ ሾፌር ወንበር ላይ ቀጥ ብለው፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በሩን ስከፍት ቀዝቃዛው አየር ወጣ።

"ወንበሩ ድንጋይ ነው" አሉ። "ሽታው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። መስታወቱ ተወልውሎ አያውቅም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለቻቸው እማዬ።

"ምን ይሰጠኛል፤ ጉንፋን ነው የሚሰጠኝ።"

እማዬ እስከ ክሊኒክ ስትስቅ ሄደች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

እማዬ ለፊዚዮቴራፒ ሽቶ ተቀባች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18

ኩባንያው መግለጫ አወጣ። እስከ ዛሬ ለገዛ ሁሉ ካርታውም፣ ከርቀት ማቀዝቀዣውም፣ በር መክፈቻውም መኪናው እጁ ላይ እስካለ ድረስ ያለ ክፍያ ይቀጥላል። ግሩፑ ጭፈራ በጭፈራ ሆነ። ለካ ከሳጥኗ በኋላ ሰው ሁሉ "እኛም እናወጣዋለን" እያለ ሲጽፍላቸው ነበር የከረመው። ሳጥኑ ከወጣ ገንዘብም የለ፣ የት እንደምንውል የትም እንደምናድር ማየትም የለ። እሱ ነው ያስደነገጣቸው።

ከታች ግን በደቃቁ፦ "የመኪናውን አካል ያለ ፈቃድ የነካኩ ባለንብረቶችን አይመለከትም።"

እኔን ማለት ነው። እኔን ብቻ!

አሸነፍን ልበል፣ አሸነፉ ልበል? ጨርቅ እየቀደድኩ ዋልኩ። ለሥራ አይደለም፤ እንዲሁ። የጨርቅ መቀደድ ድምፅ ደስ ይለኛል ሲከፋኝ።

ባለታክሲው ቤት ድረስ መጣ። በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

"እህቴ፣ ያን ቀን መልስሽን ሳልሰማ እግሬ ቀደመኝ።"

"ቀደመህ።"

"ይቅር በይኝ።"

"ቂም አልያዝኩም አልልህም። ይዣለሁ። ትንሽ ቆይተህ ና፤ ይለቀኝ ይሆናል።"

"እስከዚያ ግን" አለ፣ "ቻርጅ ቦታ ስትፈልጊ ደውይልኝ። የኔ ያሳያል።"

ግባ አልኩት። ምን ላድርግ። እማዬ ውስጥ ሆና "ይግባ እንጂ፣ በር ላይ ሰው ያቆማሉ እንዴ!" እያለች ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ጋሽ ቅሬታ ዛሬ ጉንፋን ያዛቸው። በኔ ምክንያት ነው ብለው ለሕንፃው ኮሚቴ ከሰሱኝ። ከዚያ ሻርፕ ጠምጥመው ቁልፉን ተቀበሉኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 2

ፊዚዮቴራፒ እየሄድን ነበር። እማዬ ከጎኔ፣ ፊቷ ቀዝቃዛ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ። ስልኬ ጮኸ፤ እኔ መሪ ይዣለሁ፣ እሷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

ያቺ ባለማር ልጅ ናት። "እመቤት፣ መልካም ዜና አለን! ሳጥኑን በነፃ መልሰን እንገጥምልዎታለን። ፎቶ አንሺም ይኖራል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ኩባንያው እንደ አስፈላጊነቱ አገልግሎቱን መክፈትም ሆነ መዝጋት እንደሚችል መስማማት ብቻ ነው።"

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ወር ያጠራቀምኩት ስድብ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። መኪናዋን ዳር ላስይዝ መሪ አዞርኩ። እማዬ እጇን እጄ ላይ አደረገች። የማይታዘዘው ቀኝ እጇ ነው፤ ከብዶኝ ነበር።

"እሷን ማናገር አይቻልም" አለች ለልጅቷ፤ ጥርት ባለው የአስተማሪ ድምፅዋ።

"መቼ ልደውል እመቤት?"

"ልጄ መኪና እየነዳች ነው። የራሷን መኪና።"

ዘጋችው። ስልኩን ጭኔ ላይ ጣል አደረገችና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

"ምን ታዪኛለሽ?" አለችኝ። "ንጂ እንጂ!"